የዓለት ኩሬ የዓሣ ማኅበረሰብ

የዓለት ኩሬ ማለት ባሕር ሞልቶ ሲሸሽ በዓለታማ ዳርቻ ጎድጓዳ ቦታዎች ውስጥ የሚቀር የባሕር ውኃ ነው። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት ባሕሩ በአብዛኞቹ ዳርቻዎች በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። በኩሬው ያሉ ዓሦች ባሕሩ እስኪመለስ ድረስ ለሰዓታት ተነጥለው ይቆያሉ። በአንድ ኩሬ ውስጥ አብረው የሚገኙት የዓሣ ዝርያዎች በአንድነት የኩሬው የዓሣ ማኅበረሰብ ይባላሉ። ይህ ማኅበረሰብ በሰዓታት፣ በወራትና በዓመታት ይለዋወጣል፤ ሆኖም ከተረበሸ በኋላ ወደ ቀድሞ መልኩ ሲመለስ ታይቷል።

የኩሬው ሁኔታ

ኩሬው አነስተኛ ውኃ ስለሚይዝ ጠባዩ ቶሎ ይለወጣል። በፀሐይ ይሞቃል፤ ውኃው ሲተን ጨዋማነቱ ይጨምራል፤ ዝናብ ሲጥልበት ደግሞ ይቀንሳል። ቀን ቀን አልጌዎች ኦክስጅን ስለሚያመነጩ በውኃው ውስጥ ይበዛል፤ ሌሊት ግን አልጌዎቹም እንስሳቱም ስለሚጠቀሙበት በጣም ያንሳል። በዳርቻው ከፍ ብለው የሚገኙ ኩሬዎች ከባሕሩ ተለይተው የሚቆዩበት ጊዜ ስለሚረዝም ለውጡ ይበረታባቸዋል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በእነርሱ የሚኖሩት ዝርያዎች ጥቂት ናቸው።

ነዋሪዎችና እንግዶች

የኩሬ ዓሦች በሁለት ዋና ክፍሎች ይመደባሉ። ነዋሪዎቹ ካደጉ በኋላ ኑሯቸውን በዚያው በዳርቻው ዓለት መካከል የሚያደርጉ ናቸው፤ ጎቢ፣ ብሌኒ፣ ክሊንግፊሽና ስካልፒን ከሚባሉት ወገኖች ብዙዎቹ እዚህ ይገባሉ። አብዛኞቹ ትናንሽ ሲሆኑ ወለሉን ተጠግተው ይኖራሉ። ለምሳሌ የጎቢ የሆድ ክንፎች ተጋጥመው እንደ መጣበቂያ ስለሚያገለግሉት ሞገድ በቀላሉ አይወስደውም። እንግዶቹ ግን ጨቅላነታቸውን ብቻ በኩሬ አሳልፈው ወደ ጥልቁ ባሕር የሚሄዱ ወይም ባሕሩ ሲሸሽ በአጋጣሚ የቀሩ ናቸው።

ነዋሪዎቹም ቢሆኑ ባሕሩ ሲሞላ ከኩሬያቸው ሊወጡ ይችላሉ። በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ የሚኖረው ኦሊጎኮተስ ማኩሎሰስ የተባለው ስካልፒን 100 ሜትር ገደማ ርቆ ቢለቀቅ እንኳ ወደ ኩሬው ሊመለስ ይችላል፤ መንገዱን ለማግኘትም ሽታ ትልቅ ድርሻ አለው። ሌስተር አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጥናት ባቲጎቢየስ ሶፖራተር የተባለው ጎቢ ከኩሬ ወደ ኩሬ በትክክል እንደሚዘል አሳይቷል። ዓሣው የኩሬዎቹን አቀማመጥ የሚያጠናው ባሕሩ ሞልቶ በላያቸው ሲዋኝ ነው።

የወራት ለውጥ

ብዙዎቹ ነዋሪ ዓሦች እንቁላላቸውን በድንጋይ ሥር ወይም በዓለት ስንጥቅ ይጥላሉ፤ በብዙ ዝርያዎች ወንዱ ይጠብቀዋል። የተፈለፈሉት እጮች ወደ ባሕር ወጥተው ለጥቂት ጊዜ ከተንሳፈፉ በኋላ ወደ ዳርቻ ይመለሳሉ። መካከለኛ የአየር ንብረት ባላቸው አገሮች አዲሶቹ ጨቅላዎች በብዛት የሚገቡት በጸደይና በሞቃቱ ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በቀዝቃዛውና ማዕበል በሚበዛበት ወቅት ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ቀን ቆጠራ ብቻ ኩሬው ድሀ ነው ወይም ሀብታም ነው ማለት ያሳስታል።

ከረብሻ በኋላ መመለስ

ዶናልድ ቶምሰንና ቻርልስ ሌነር እ.ኤ.አ. በ1976 በሜክሲኮ ስለሚገኘው የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ባወጡት ጥናት፣ የሙቀት ልዩነቱ ከፍተኛ በሆነበት ዳርቻ የዓሣው ማኅበረሰብ ከጉዳት የማገገም ችሎታ እንዳለው ገልጸዋል። ጋሪ ግሮስማን ደግሞ በሰሜን ካሊፎርኒያ ዲሎን ቢች ዓሦቹን ከኩሬዎች ደጋግሞ በማውጣት የሚሆነውን ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ውጤት ማኅበረሰቡ በየጊዜው ወደ ተመሳሳይ አደረጃጀት መመለሱን አስታውቋል። ባዶ የሆነውን ቦታ የሚሞሉት ከአጎራባች ዓለቶች የሚመጡ ዓሦችና ከባሕር የሚገቡ ጨቅላዎች ናቸው። ስለዚህ ማገገሙ በአካባቢው ባሉት ሌሎች ኩሬዎች ደኅንነት ላይ ይመሠረታል።

የረጅም ጊዜ ለውጥ

ባሕሩ ራሱ ሲሞቅ ግን ተተኪዎቹ የቀድሞዎቹ ዝርያዎች ላይሆኑ ይችላሉ። በካሊፎርኒያ ፓሲፊክ ግሮቭ የሆፕኪንስ የባሕር ጥናት ጣቢያ ዳርቻ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተቆጠሩት አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት በ1990ዎቹ እንደገና ሲቆጠሩ፣ ከደቡብ ሞቃት ውኃ የሚመጡት ዝርያዎች በብዛት ጨምረው ተገኝተዋል። ቆጠራው ስለ ዓሦች ባይሆንም በአንድ ቦታ የተያዘ የቆየ መዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳያል።

አቆጣጠርና ጥበቃ

ቀደም ሲል ኩሬዎች ሮቴኖን በተባለ መርዝ ይቆጠሩ ነበር፤ ይህ ዓሦቹን ይገድላል። ዛሬ ውኃውን ቀድቶ ማውጣት ወይም ዓሦቹን በቅርንፉድ ዘይት አደንዝዞ ከቆጠሩ በኋላ ወደ ውኃው መመለስ የተለመደ ነው። ጎብኚዎችም የገለበጡትን ድንጋይ እንደነበረ መልሰው ማስቀመጥ ይገባቸዋል፤ ከሥሩ የተጣለው እንቁላል ለፀሐይ ከተጋለጠ ይደርቃልና።