ከወንዛዬ ፍል ውሃ እስከ ፊዚዮቴራፒ ክፍል



ከፎገራ ሜዳ ብዙ ሳይርቅ የወንዛዬ ፍል ውሃ ይገኛል። ወገቡን የቆረጠመው፣ ጉልበቱን የያዘው፣ እግሩ አልታዘዝ ያለው ሁሉ ስንቁን ይዞ ሄዶ እዚያ ይሰነብታል። ልማዱ የቆየ ነው። አዲስ አበባም ብትሆን በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው የአፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ሰዎች ከእንጦጦ እየወረዱ ይታጠቡበት በነበረው ፍል ውሃ ዙሪያ ነው።

ሙቀት በእርግጥ ይጠቅማል። የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል፣ ሕመምን ያስታግሳል። ውሃው ክብደታችንን ስለሚሸከምልንም መንቀሳቀስ ይቀላል። የደከመ ጡንቻን የሚያጠነክረው ግን እንቅስቃሴው ነው።

የአሜሪካው ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1921 በ39 ዓመታቸው እግራቸው ሽባ ሆነ፤ ሐኪሞችም ፖሊዮ (የልጅነት ልምሻ) ነው አሏቸው። በ1924 ጆርጂያ ውስጥ ወደሚገኝ ሞቃት ምንጭ ሄዱ። በ1926 ቦታውን ገዝተው የፖሊዮ ሕሙማን በውሃው ውስጥ በባለሙያ እየታገዙ የሚሠሩበት ማገገሚያ አደረጉት። ሩዝቬልት ያለ ድጋፍ መራመድ አልቻሉም። ሆኖም በብረት ድጋፍና በምርኩዝ መቆምን ተለማመዱ፤ በ1933ም ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በአገራችን ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ።

ታዲያ ፊዚዮቴራፒ ሲታዘዝልዎ ምን ይጠብቁ?

✅ በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው የጡንቻዎን ጥንካሬና የመገጣጠሚያዎን እንቅስቃሴ ይመረምራል። «ምን መሥራት ተሳነዎት?» ብሎ ይጠይቅዎታል፤ ግቡን አብራችሁ ታወጣላችሁ።
✅ ለውጡ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ይመጣል። ዋናው ሥራ በየቀኑ ቤት የሚሠሩት ነው።
✅ ቀለል ያለ የጡንቻ መዛል ያለ ነው። ኃይለኛ ሕመም ከተሰማዎ ግን ያቁሙና ይናገሩ።
✅ ወላጆች፦ የልጅ ሕክምና ጨዋታ ይመስላል። አያያዙን እናንተም ተማሩ፤ ልጁ ውሎ የሚያድረው ከእናንተ ጋር ነው።

⚠️ ድንገት ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተያዘ፣ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ወይም ልጅዎ በድንገት መራመድ ካቃተው ፍል ውሃ አይቅደም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። እግራቸው የደነዘዘ የስኳር ሕሙማንም ውሃው ሳይታወቃቸው ሊያቃጥላቸው ይችላል።

ወንዛዬ ሄደው ከተመለሱ እሰየው። ሰውነትዎ ሳይቀዘቅዝ እንቅስቃሴዎን ይሥሩ።

ጤና ይብዛልዎ!