በአሳብ የተሣለ አገርና የዋግ ወሰን

በዛሬው ዘመን ወጣቶች በኮምፒዩተር የሚጫወቱት አንድ ዓይነት የጦርና የመንግሥት ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ ንጉሥ ይሆናል፤ ያስገብራል፤ ጦር ያዘምታል፤ አውራጃ በአውራጃ ላይ ይጨምራል። ከእነዚህም መካከል በስዊድን አገር የተሠራው «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ» የተባለው ጨዋታ በአራተኛው ክፍሉ ታሪኩን የሚጀምረው በ1444 ዓመት ነው፤ ይኸውም አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን ውስጥ ነው። የአውሮፓን ነገር በአውሮፓ ቁጥር፣ የአገራችንን ግን በዓመተ ምሕረት መጻፌን አንባቢ ያስተውልልኝ። ጨዋታውን የሚወድዱ ብዙዎች በተሰጣቸው ካርታ ብቻ አይረኩም፤ ፈጽሞ ያልነበረ አገር በልባቸው ፈጥረው ባሕሩንና ተራራውን፣ አውራጃውንና ወሰኑን ራሳቸው ይሥላሉ።

የአሣሣሉም ሥራ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ አውራጃ ከሌላው ፈጽሞ የተለየ አንድ ቀለም ይሰጠዋል፤ በሌላ መዝገብ ደግሞ ይህ ቀለም ይህ ቁጥርና ይህ ስም ያለው አውራጃ ነው ተብሎ ይጻፋል። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ቀለሙን ብቻ ነው። ሁለት አውራጃዎች በስሕተት አንድ ቀለም ቢቀቡ አንድ አውራጃ ሆነው ይቀራሉ። ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ቢሆኑ ጦር ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ችግር ይሻገራል፤ በመካከላቸው ገደል ወይም የማይሻገሩት ወንዝ እንዳለ ሣዪው ለይቶ ካልጻፈለት መኪናው ከቶ አይገባውም።

ይህን ነገር በሰማሁ ጊዜ አዲስ ሆኖ አልታየኝም። የእኛ አገር ራስዋ ለብዙ ዘመን ሌሎች በአሳባቸው የሣሏት አገር ነበረችና። አውሮፓውያን «ቄስ ዮሐንስ» የሚሉትን ንጉሥ መጀመሪያ በእስያ ፈለጉት፤ በዚያ ባጡት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ አዛወሩት፤ ካርታውንም በዚያው ልክ ሠሩለት። በቬኒስ አጠገብ በሙራኖ ደሴት የነበረው መነኵሴ ፍራ ማውሮ በ1459 ዓመት ግድም የፈጸመው ትልቁ የዓለም ካርታ ግን በአንድ ነገር ይለያል። መነኵሴው በካርታው ላይ በጻፈው ማስታወሻ፣ የዚህን አገር አውራጃዎች፣ ከተሞች፣ ወንዞችና ተራሮች በገዛ እጃቸው ሥለው ከነስማቸው ያሳዩት በዚያው አገር የተወለዱ ካህናት እንደ ሆኑ ይናገራል። የእነዚያ አባቶች ስም አልተጻፈም። ነገር ግን በባዕድ ከተማ ተቀምጠው ወረቀት ላይ «ይህ ወንዝ፣ ይህ ደብር» እያሉ ጣታቸውን ሲጠቁሙ ይታየኛል። ፍራ ማውሮ ግን የሰጡትን ስም ሁሉ ተቀብሎ በአፍሪካ ሰፊ ባዶ ምድር ላይ በተነው፤ ኢትዮጵያም እጅግ ወደ ደቡብ ተለጠጠች።

ከመቶ ዓመት በኋላ የአንትወርፑ አብርሃም ኦርቴልዩስ በ1573 ዓመት የቄስ ዮሐንስን መንግሥት ካርታ አሳተመ። በእጅ ቀለም የተቀቡት ቅጂዎች ዛሬም ሲታዩ ያምራሉ፤ አውራጃው ሁሉ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ተከብቦ ልክ እንደ ዛሬው ጨዋታ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን መንግሥቱ ከምድር ወገብ አልፎ ይወርዳል፤ ዓባይም ከምድር ወገብ በታች ካሉ ሁለት ትላልቅ ባሕሮች ይነሣል። የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበትም ተራራ ተሥሏል፤ እውነተኛው ግሸን አምባ ግን በወሎ በአምባሰል ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የስሞቹ ነገር ነው። ከ1520 እስከ 1526 ዓመት በአገራችን የተቀመጠው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን በመጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ መጽሐፉም በ1540 ዓመት ታተመ። ከዚያ ወዲህ በካርታው ላይ «ባርናጋሶ» እና «ትግሬማኾን» የሚባሉ ታላላቅ አውራጃዎች ተገኙ። እነዚህ ግን ባሕር ነጋሽና ትግሬ መኰንን ናቸው፤ የሹመት ስም ናቸው እንጂ የምድር ስም አይደሉም። ሣዪው የሹሙን ማዕርግ ሰምቶ አገር መሰለው።

ይህን ያረመው ሌላ ኢትዮጵያዊ ነው። ከመካነ ሥላሴ ዘአምሐራ የሆነው አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር በ1649 ዓመት በሮም ተገናኘ፤ በ1652 ዓመትም ወደ ጎታ ከተማ ተጠርቶ ሄደ። የሚነጋገሩት በግዕዝ ነበር። ሉዶልፍ እየጠየቀ፣ አባ ጎርጎርዮስ እየመለሰ፣ የአገሩ ሕግና ቋንቋ፣ የአውራጃዎቹም ስም ተጻፈ። የኢየሱሳውያን መነኮሳትም በአገራችን በቆዩ ጊዜ የኬክሮስን ልክ ስለ ለኩ ኢትዮጵያ ወደ ትክክለኛ ስፋትዋ ተመልሳ ነበር። በ1683 ዓመት የታተመው የሉዶልፍ ካርታ የእነዚህ የሁለቱ ፍሬ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ካርታውን አላየውም፤ በ1658 ዓመት ወደ አገሩ ለመመለስ ሲጓዝ መርከቡ ተሰብሮ ሞቷል።

የእኛም ሊቃውንት ከቶ አልሣሉም ማለት አይደለም። በአንዳንድ የብራና መጻሕፍት አክሱምን በመካከል አድርጎ የትግራይን አውራጃዎች በዙሪያዋ በክብ የደረደረ ሥዕል ይገኛል። ርቀትን አይለካም፤ ማን በየት ወገን እንዳለ ግን ያሳያል።

አሁን ወደ ዋግ ልምጣ። ባሕር ነጋሽን አገር ያደረገውን ሣዪ ባንሥቅበት ይሻላል፤ በእኛም ዘንድ ምድርና ሹመት ፈጽመው የተለያዩ አልነበሩምና። «ዋግሹም» በሚለው ቃል ምድሩና ገዢው ተጋጥመው አንድ ስም ሆነዋል። እንደሚተረከው በ1262 ዓ.ም. መንግሥት ከዛጔ ወደ አፄ ይኵኖ አምላክ በተመለሰ ጊዜ ለዛጔ ወገን ዋግ ርስት ሆኖ ተሰጠ፤ ዋግሹሙም በብር ወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስመታት ክብር አገኘ። ከዓምደ ወርቅ ገበያ የሚመለስ አንድ የደሃና ሽማግሌ ስለ ዋግ ዳርቻ ቢጠየቅ መሥመር አያሰምርም። ተከዜን ይጠራል፤ ፀላሪን ይጠራል፤ ግብሩ ለማን ይገባ እንደ ነበር፣ ኽምጣኛ የሚነገረው እስከ የትኛው ቀበሌ እንደ ሆነ፣ የማን ታቦት እስከ የት እንደሚነግሥ ይናገራል። እነዚህ ዳርቻዎች ደግሞ እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በነገሡ ጊዜ የዋግ ሹም ቃል ከዋግ እጅግ ርቆ ተሰማ፤ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በአሰም ድል በሆኑ ጊዜ ግን ያ ስፋት በአንድ ቀን ጠፋ። ተከዜ ከስፍራው አልተነቃነቀም።

በወረቀት ብቻ የተሠመረ ወሰን የሚያመጣውን ጣጣ አገራችን አይታለች። የኢትዮጵያና የጣሊያን ሶማሊያ ወሰን በ1908 ዓመት ውል ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን በምድር ላይ ምልክት አልተተከለበትም። ስለዚህ በኅዳር 1927 ዓ.ም. በወልወል ጕድጓዶች አጠገብ ጠብ ተነሣ፤ ጣሊያንም ያን ለጦርነት ምክንያት አደረገው። በ1928 ዓ.ም. አገሩን በያዘ ጊዜ በአዋጅ አዲስ ካርታ ሠራ፤ ትግራይን ከኤርትራ፣ ኦጋዴንን ከሶማሊያ ቀላቀለ። ያ የውኃ ጕድጓድ ከዋግ ስንት ቀን ያስኬዳል! ቢሆንም በመስከረም 1930 ዓ.ም. በጠላት ላይ የተነሡት የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግ ተገደሉ፤ አንገታቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ ታየ።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሩ በ12 ጠቅላይ ግዛት ሲከፈል ዋግ በወሎ ውስጥ አውራጃ ሆነ። ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ ዋግ ኽምራ ተብሎ ሰቆጣ ከተማው ናት፤ ዓምደ ወርቅም የደሃና ወረዳ መቀመጫ ናት። እንግዲህ ለጨዋታው ካርታ የሚሥል ወጣት ለዋግ የትኛውን ቀለም ይስጠው? በቋንቋ ቢሄድ የአገው፣ በታሪክ ቢሄድ ከላስታ ጋር፣ በድንጋጌ ቢሄድ የወሎ። መኪናው ከአንድ ቀለም በላይ አይቀበልም። እኔ ብሆን በመጀመሪያ ወንዞቹን፣ ቀጥዬ ገበያዎቹን እሥል ነበር፤ ቀለሙን መጨረሻ። በጨዋታ የተሳሳተ ሰው አጥፍቶ እንደ ገና ይቀባል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ከአበርገሌና ከፃግብጂ ተፈናቅሎ በሰቆጣ የተጠለለው ሕዝብ ወሰን ማለት ምን እንደ ሆነ በሌላ መንገድ ያውቀዋል።

ወንዙስ ቢሆን ጸንቶ ይኖራል ብለን ነበር። በ2001 ዓ.ም. ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ ተፈጸመ፤ ሸለቆውም በውኃ ተሞላ። አባቶች «ዳርቻችን እስከዚህ ነው» ብለው ያሳዩት የወንዝ አፋፍ ዛሬ ከሐይቅ በታች ነው፤ በላዩም የዝቋላና የአበርገሌ ወጣቶች መረብ እየጣሉ ዓሣ ያጠምዳሉ።