ስለ «ስታር ትሬክ» ትርኢት፤ በሥዕል የታየ ወንበር እውነተኛ ወንበር እንደ ሆነ

ቤት የሚሠራ ሰው ቤቱን አስቀድሞ በልቡ ይሠራዋል። ምሰሶውን ከማቆሙና ግድግዳውን ከማዋቀሩ በፊት በሩ ወዴት እንደሚመለከት፥ እንግዳውም በየት እንደሚቀመጥ በኅሊናው ሥሎ ይጨርሳል። ስለዚህ የአንድን ዘመን የጥበብ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው፥ የተሠራውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ሳይሠራ በፊት ሰዎች በልባቸው ይዘውት የነበረውን ሥዕል ጭምር መመርመር ይገባዋል። የቤተ ክርስቲያን ልጆች ለዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም፤ አባቶቻችን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሠሩት ሥዕል ፊደል ላልቈጠረው ምእመን መጽሐፍ ሆኖ ሲያስተምር ኖሯልና።

ዛሬ የምንመለከተው በአሜሪካ አገር በቴሌቪዥን ስለ ታየው «ስታር ትሬክ»፥ ማለት «የከዋክብት ጉዞ» ስለ ተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። ነገሩ ለአንዳንዱ አንባቢ የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጨዋታ በእውነተኞች ሰዎች ኑሮ ላይ ያደረገው ሥራ ስላለ፥ እውነቱን ከተረቱ ለይቶ መጻፍ የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የታሪኩ ደራሲ ሚስተር ጂን ሮደንቤሪ ይባላሉ። በ1921 በቴክሳስ ግዛት በኤል ፓሶ ከተማ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓሲፊክ ውቅያኖስ በኩል የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነጂ ሆነው አገለገሉ፤ ከጦርነቱ በኋላም የመንገደኞች አውሮፕላን ነጂ፥ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ ከተማ የፖሊስ ሠራተኛ ነበሩ። ወደ ድርሰት ሥራ የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ያሰቡትም ታሪክ እንዲህ ነው፤ ወደ ፊት በሚመጣው ዘመን «ኢንተርፕራይዝ» የተባለች መንኰራኵር፥ ከልዩ ልዩ ወገን የተውጣጡ ሰዎችን ይዛ በከዋክብት መካከል እየተጓዘች ያልታወቀውን ዓለም ትመረምራለች።

የመጀመሪያው የሙከራ ፊልም በ1965 ኤን ቢ ሲ ለተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ቀርቦ ተቀባይነት አላገኘም። በዚያ ፊልም ከመርከቢቱ አዛዥ ቀጥሎ ሁለተኛውን ማዕርግ የያዘች ሴት ነበረች፤ ሁለተኛው የሙከራ ፊልም ሲሠራ ግን ያች ሴት ከቦታዋ ታጣች። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዘው፤ ወንበር እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚሰጥ በኋላ እናያለንና። ትርኢቱ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 መታየት ጀመረ። ተመልካቹ ጥቂት ነው ተብሎ ሊቋረጥ በተቃረበ ጊዜ ወዳጆቹ እየተጠራሩ ወደ ኩባንያው ከ100 ሺህ የሚበልጥ ደብዳቤ ላኩ፤ በዚህም ምክንያት አንድ ዓመት ተጨመረለት። ጁን 3 ቀን 1969 ግን፥ 79 ክፍል ከታየ በኋላ፥ አዲስ ክፍል መታየቱ ቀረ። ሰዎች በእውነት ጨረቃን የረገጡት ከዚያ በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ ጁላይ 20 ቀን 1969 ነው። የትርኢቱ ዝና የሰፋው ከሞተ በኋላ፥ በ1970ዎቹ ዓመታት በየከተማው ጣቢያ ደጋግሞ በታየ ጊዜ ነበር።

ብዙ ሰዎች ስለዚህ ትርኢት ሲናገሩ አስቀድመው የሚያነሡት የዕቃውን ነገር ነው። በትርኢቱ ውስጥ መርከበኞቹ ክዳኑ የሚከፈት ትንሽ መሣሪያ ከወገባቸው አውጥተው በሩቅ ካለችው መርከባቸው ጋራ ይነጋገራሉ፤ ሐኪማቸው በበሽተኛው ላይ አንዲት ትንሽ መሣሪያ በማሳለፍ ብቻ ደዌውን ያውቃል፤ የመርከቢቱም ኮምፒውተር በሰው ቋንቋ ተጠይቆ በሰው ቋንቋ ይመልሳል። ዛሬ የዚህን የሚመስል ነገር በየቤቱና በየመንገዱ ስለሚታይ፥ ትርኢቱ ትንቢት ተናገረ የሚሉ አሉ። ትንቢት የሚለው ቃል ግን ለዚህ የሚገባ አይደለም።

እውነቱን ለመመርመር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኤፕሪል 3 ቀን 1973 የሞቶሮላ ኩባንያ መሐንዲስ ሚስተር ማርቲን ኩፐር በኒው ዮርክ ከተማ መንገድ ላይ ቆመው፥ በእጅ በሚያዝ ተንቀሳቃሽ ስልክ የመጀመሪያውን ንግግር አደረጉ። ሐሳቡን ያገኙት ከ«ስታር ትሬክ» ነው ተብሎ በብዙ ቦታ ተጽፏል። ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው በኋላ እንደ ገለጹት፥ ልባቸውን ያነሣሣው ከዚያ አስቀድሞ በጋዜጣ ይወጣ የነበረው የመርማሪው የዲክ ትሬሲ የሥዕል ታሪክ ነው፤ ያ መርማሪ በእጁ አንጓ ላይ ባሰረው ራዲዮ ይነጋገር ነበርና። እንግዲህ ምንጩ ሌላ ሥዕል ሆነ እንጂ፥ ሥዕል መሆኑ አልቀረም።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ2012 ኤክስ ፕራይዝ የተባለው ድርጅት፥ በትርኢቱ ለሚታየው የመመርመሪያ መሣሪያ በተሰጠው «ትራይኮርደር» በሚለው ስም ውድድር አውጆ፥ በሽታን ለይቶ የሚያውቅ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ለሚሠራ 10 ሚሊዮን ዶላር አቆመ። በ2017 ፍርድ በተሰጠ ጊዜ ግን የተፈለገውን ሁሉ ያሟላ ስላልተገኘ፥ ለተሻሉት ከፊሉ ተሰጠ እንጂ ሙሉው ሽልማት አልተከፈለም። በድምፅ የሚታዘዘውን መሣሪያ በ2014 ያወጣው የአማዞን ኩባንያ መሥራች ሚስተር ጄፍ ቤዞስም፥ የዚያች መርከብ ተናጋሪ ኮምፒውተር ምሳሌ እንደ ሆነላቸው ሳይደብቁ ተናግረዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፥ ልብ ወለድ ታሪክ ምኞትን ይወልዳል እንጂ ዕቃን አይወልድም ማለት ነው። በትርኢቱ የመርከቢቱ በሮች ሰው ሲቀርባቸው በራሳቸው የሚከፈቱ ይመስሉ ነበር፤ ነገር ግን ከግድግዳው በስተኋላ የተሸሸጉ ሠራተኞች በእጃቸው ይስቧቸው ነበር። ሰዎቹ ከመርከቢቱ ወደ ምድር በብርሃን ተለውጠው የሚወርዱበትም ነገር የመጣው ከሳይንስ ምርምር ሳይሆን ከገንዘብ ማነስ ነው፤ መርከቢቱ በየክፍሉ ስታርፍ ማሳየት ብዙ ወጪ ይጠይቅ ነበርና። ዕቃውን በእውነት የሠሩት ሌሊትና ቀን የደከሙት መሐንዲሶች ናቸው፤ የድካማቸውን ክብር ለትርኢት መስጠት አይገባም።

ከዕቃው ይልቅ የሚበልጠው፥ በዚያች መርከብ የአዛዥ ክፍል ማን ተቀምጦ ነበር የሚለው ነው። ጊዜው በአሜሪካ አገር የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚጠብቀው ሕግ በ1965 ከወጣ ገና አንድ ዓመት የሆነው፥ ከሩሲያም ጋራ ጠብ የጸናበት ጊዜ ነበር። በዚያን ጊዜ በመርከቢቱ መሪ ላይ የተቀመጠው መኰንን ሱሉ የሚባል የእስያ ተወላጅ ሆነ። ይህን ሰው ሆነው የታዩት ጆርጅ ታኬይ፥ በጦርነቱ ጊዜ በሕፃንነታቸው፥ የጃፓን ተወላጆች በመሆናቸው ብቻ ከወላጆቻቸው ጋራ በሽቦ በታጠረ ሰፈር ታስረው የነበሩ ናቸው። ከ1967 ጀምሮም ቼኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ወጣት በአጠገቡ ተቀመጠ። ከእነርሱ በስተኋላ፥ ከሩቅ የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ የምትቀበልና የምትመልስ መኰንን ሆና የተቀመጠችው ኡሁራ የምትባል ጥቁር ሴት ናት፤ ስሟም ነፃነት ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የተወሰደ ነው።

ኡሁራን ሆነው የታዩት ኒሼል ኒኮልስ (1932–2022) እርሳቸው ደጋግመው እንደ ተረኩት፥ የመጀመሪያው ዓመት በተፈጸመ ጊዜ ሥራውን ለመተው ቈርጠው ነበር። ልባቸው በቲያትር ቤት መዝፈንን ይመኝ ነበር፤ በትርኢቱም ውስጥ የሚሰጣቸው ንግግር ብዙ ጊዜ ጥቂት ነበር። በዚያው ሰሞን ጥቁሮች ለመብታቸው ባደረጉት አንድ ስብሰባ ላይ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን አገኙ። ዶክተር ኪንግ ከነቤተ ሰባቸው ትርኢቱን እንደሚወዱ ነግረዋቸው፥ ሥራውን ሊተዉ መሆናቸውን በሰሙ ጊዜ ግን አይሆንም ብለው ከለከሏቸው። ምክንያታቸውም፥ አንዲት ጥቁር ሴት አገልጋይ ሳትሆን በዕውቀቷና በማዕርጓ ከሌሎች ጋራ ተካክላ ስትታይ ይህ በር አንድ ጊዜ ተከፍቷልና፥ ቢዘጋ ተመልሶ ላይከፈት ይችላል የሚል ነበር። ኒኮልስም ምክሩን ሰምተው ቀሩ። ዶክተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 በጥይት ተገደሉ፤ የጠበቁት ወንበር ግን አልተነሣም።

ይህ ወንበር የወለደውን ፍሬ ደግሞ እንመልከት። እስከዚያ ጊዜ ወደ ጠፈር የወጡት የአሜሪካ ጠፈርተኞች ሁሉ ነጮች ወንዶች ነበሩ። በ1977 ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ለአዲሱ መንኰራኵሩ ሰዎች በፈለገ ጊዜ፥ ሴቶችና ከልዩ ልዩ ወገን የተወለዱ ሰዎች እንዲያመለክቱ የሚቀሰቅስ ሰው ሆነው የተዋዋሉት ኒኮልስ ነበሩ። በየትምህርት ቤቱና በየማኅበሩ እየዞሩ፥ በሥዕል የተቀመጡበትን ወንበር በእውነት የሚቀመጥበት ሰው ፈለጉ። በ1978 ከተመረጡት 35 ሰዎች መካከል ስድስት ሴቶች፥ ሦስት ጥቁሮችና አንድ የእስያ ተወላጅ ተገኙ። ከእነርሱም ሳሊ ራይድ በጁን 1983 የመጀመሪያዪቱ አሜሪካዊት ሴት፥ ጋይ ብሉፎርድ በኦገስት 1983 የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነው ወደ ጠፈር ወጡ። ሁሉም በኒኮልስ ስብከት ብቻ መጡ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዳቸው በትምህርታቸው ደክመው የደረሱ ናቸው። ሆኖም የመሥሪያ ቤቱ በር መከፈቱን የተናገረ ድምፅ የእርሳቸው ነበር። የወንበሩም ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ ከእነዚያው ከተመረጡት መካከል አራቱ ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በ«ቻሌንጀር» መንኰራኵር አደጋ ሞተዋል።

ትርኢቱ መታየት በጀመረ ጊዜ በቺካጎ ከተማ የምታድግ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ይህች ልጅ አድጋ የሕክምና ዶክተር ሆነች፤ በሴራሊዮንና በላይቤሪያም በሐኪምነት አገለገለች። ስሟ ሜይ ጄሚሰን ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1992 በ«ኢንዴቨር» መንኰራኵር ተሳፍራ ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ሴት ሆነች። በጉዞዋም ሳለች የሥራ ተራዋን ስትጀምር፥ ኡሁራ የመገናኛው መስመር መከፈቱን የምታስታውቅበትን ቃል ትናገር ነበር። ልጅ ሳለች ያየችውን አልረሳችውምና።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ1976 ናሳ የመጀመሪያውን መንኰራኵር ሠርቶ በጨረሰ ጊዜ፥ የትርኢቱ ወዳጆች በደብዳቤ ብዛት ስለ ለመኑ በፕሬዚዳንት ፎርድ ፈቃድ «ኢንተርፕራይዝ» ተብሎ ተሰየመ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1976 ከመሥሪያው ሲወጣ ሮደንቤሪና ከተዋንያኑ ብዙዎቹ በቦታው ነበሩ። ይህ መንኰራኵር ግን ለመሞከሪያ ብቻ የተሠራ ስለ ነበረ፥ በ1977 ከትልቅ አውሮፕላን ጀርባ ላይ እየተለቀቀ በአየር ላይ ተፈተነ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ወደ ጠፈር አልወጣም፤ ዛሬ በኒው ዮርክ ሙዚየም ቆሞ ይታያል። ስሙን የወረሰው ብረት በምድር ቀረ፤ ምሳሌውን የወረሰችው ልጅ ግን ወጣች።

ለትርኢቱ ምስጋና ስንሰጥ ጉድለቱንም መሰወር አይገባም። ከመጀመሪያው የሙከራ ፊልም የተነሣችው ሴት ወንበር ለብዙ ዘመን አልተመለሰም፤ ከዚሁ ታሪክ በተወለዱት ተከታታይ ትርኢቶች ውስጥ ሴት የመርከብ አዛዥ ሆና የታሪኩ መሪ የሆነችው ገና በ1995 ነው። ሮደንቤሪም ሃይማኖትን የተዉ፥ የሰው ልጅ በዕውቀቱ ብቻ ከክፋት ሁሉ ይነጻል ብለው የሚያስቡ ሰው ነበሩ። ይህን ሐሳብ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሊቀበለው አይችልም፤ ዕውቀት እጅን ያበረታል እንጂ ልብን ብቻውን አያነጻም።

ሆኖም ከራሱ ከትርኢቱ አንድ ክፍል፥ ማርች 15 ቀን 1968 የታየው፥ ልናስተውለው የሚገባ ነው። በዚያ ክፍል መርከበኞቹ እንደ ጥንቱ ሮም የሚገዛ መንግሥት ባለበት ዓለም ደርሰው፥ ሰይፍን እምቢ ያሉ ስደተኞች አገኙ። ስደተኞቹም ፀሐይን የሚያመልኩ መሰሏቸው፤ በእንግሊዝኛ ፀሐይና ወልድ የሚሉት ቃላት በድምፅ አንድ ናቸውና። ምስጢሩን የገለጸችላቸው የዚያን ዓለም ድምፅ ስታዳምጥ የቈየችው ኡሁራ ናት፤ ሰዎቹ የሚያመልኩት የሰማዩን ፀሐይ ሳይሆን ወልደ እግዚአብሔርን መሆኑን አስረዳች። በዚያው ዓመት በልደት ዋዜማ፥ ዲሴምበር 24 ቀን 1968፥ ጨረቃን የሚዞሩት የአፖሎ 8 እውነተኞች ተጓዦች ከኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ አንብበው ለዓለም አሰሙ። እንግዲህ ወደ ከዋክብት መመልከት በራሱ ሰውን ከፈጣሪው አያርቀውም፤ የሚለየው የተመልካቹ ልብ ነው።

ክቡራን አንባብያን፥ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ምክር ይህ ነው። ለልጆች መጽሐፍ የሚጽፍ፥ ሥዕል የሚሥል፥ ትርኢት የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ወንበር ያድላል። በሥዕሉ ውስጥ የድኻውን ልጅ፥ የሴቲቱን፥ የተናቀውን ወገን ልጅ ከደጅ ካቆመው፥ ሕፃኑ በደጅ መቆምን ይማራል፤ ከጉባኤው መካከል ካስቀመጠው ግን፥ ሕፃኑ በጉባኤ ለመቀመጥ የሚያበቃውን ትምህርት ይፈልጋል። ዕቃ ያረጃል፤ የ1973ቱ ስልክ ዛሬ ለመታየት ብቻ የሚቀመጥ ሆኗል። በልጅ ልብ የተሣለ ሥዕል ግን፥ ሜይ ጄሚሰን እንዳሳየችው፥ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ያፈራል። ስለዚህ መምህራንና ወላጆች ልጆቻችን የሚያዩትን ሥዕል ስንመረምር፥ ክፉ ነገር አለበትን ብለን ብቻ ሳይሆን፥ በውስጡ ለማን ወንበር ተሰጥቷል፥ ማንስ በደጅ ቆሟል ብለን ደግሞ እንጠይቅ።