የአንዲት አውቶሞቢል ሙሉ ሒሳብ

ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ መምህርና የአንዲት አውቶሞቢልን ነገር ነው። መምህሩን በስም አልጠራውም። ከብዙ ሰው የሰማሁትን በአንድ ሰው ላይ ሰብስቤ ነው የምተርከው፤ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ልግዛ ብሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሣ ሁሉ ራሱን ያገኝበታል።

መምህሩ የፒያሳ ልጅ ነው። የሚያስተምረው አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ነው። ድሮ ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ በአራት ኪሎ በኩል ዳገቱን በእግሩ ይያያዘውና ደወል ሳይደወል ክፍሉ ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ የእሱም ሰፈር አብሮ ፈረሰ፤ ቤተሰቡም ወደ ከተማው ዳርቻ፣ ኮንዶሚኒየም ገባ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት 11 ሰዓት ይነሣል፤ ሰልፍ ይይዛል፣ ታክሲ ይቀይራል፣ እንደገና ሰልፍ ይይዛል። ልጆቹን ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ ጥሏቸው ይወጣል፣ ሲተኙ ይገባል። ባለቤቱ ናት "መኪና እንግዛ" ያለችው። ዕቁብ ነበራቸው፣ ባንክ ያስቀመጡት ነበራቸው፣ ቀሪውን ደግሞ እንበደራለን አሉ።

አንድ ነገር በመሃል ልጨምር። መኪና ወደዚህ አካባቢ ብቅ ያለችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ይዞ፣ መንገድ ባልተሠራበት አገር በረሃውንና ገደሉን አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ። ዐፄ ምኒልክም ተሳፈሩባት። ያኔ መኪና የንጉሥ ዕቃ ነበረች። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ከንጉሡ ግቢ ሽቅብ ባለው መንገድ ላይ የሚያስተምር ሰው ሥራው ለመድረስ መኪና ሲያስፈልገው፣ የቀረጡ ሕግ ግን አሁንም የንጉሥ ዕቃ እንደገዛ ይቆጥረዋል። የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው።

ወደ መምህሩ እንመለስ። ከብሔራዊ ሙዚየም ብዙም ሳይርቅ አንድ ካፌ ውስጥ ከደላላ ጋር ተቀጣጠረ። ደላላው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ስልኩ አንድ አፍታ አያርፍም።

"መምህር፣ ይቺ እንዳታመልጥዎ! ሱዙኪ ዲዛየር ናት፣ ኮድ 2፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የያዛት። ዛሬ ቀብድ ካልጣሉባት ነገ አያገኟትም።"

"ዋጋዋን ነግረኸኛል። እኔ የጠየቅሁህ ዋጋዋ እዚህ ላይ እንዴት እንደ ደረሰ ነው።"

"እሱን እንኳ እኔም አላውቀው፤ ገበያው ነዋ!"

ይኼኔ አጠገባቸው ጋዜጣ ዘርግተው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቀና አሉ። ዕድሜያቸውን በትራንዚተርነት የፈጁ፣ በሺህ የሚቆጠር ዲክላራሲዮን በእጃቸው ያለፈ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ወረቀት አውጣ" አሉ።

"ኧረ ጋሼ፣ እባክዎ ያስረዱኝ" አለ መምህሩ፣ ወንበሩን ወደ እሳቸው እየሳበ።

"አንድ ሚሊዮን ብር ብለህ ጻፍ። የመኪናዋ ዋጋ፣ የመርከብ ማጓጓዣውና የመንገዱ ኢንሹራንስ አንድ ላይ ተደምሮ ማለት ነው። ጉምሩክ የሚነሣው ከዚህ ነው። በ2012ቱ የኤክሳይዝ ሕግ ስሌት እንሂድ፤ ይቺ መኪና የገባችው በእሱ ነው። መጀመሪያ የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ፦ 350,000 ብር። ድምሩ 1,350,000 ሆነ። አሁን ኤክሳይዙ ይመጣል። የዲዛየር ሞተር 1,200 ሲሲ ነው፤ ከ1,300 ሲሲ የማይበልጥ አዲስ መኪና 5 በመቶ ይከፍላል። ግን ከምኑ ላይ?"

"ከአንድ ሚሊዮኑ ላይ?"

"ከ1,350,000ው ላይ! 67,500 ብር ጨምርበት። 1,417,500 መጣ። በዚህ በሞላው ላይ ቫት 15 በመቶ፦ 212,625 ብር። 1,630,125 ደረስን። ቫቱንም ጨምሮ በጠቅላላው ላይ ሱር ታክስ 10 በመቶ፤ 163,012 ብር ከ50። ጠቅልለው። 1,793,137 ብር ከ50 ሳንቲም። ነጋዴ ሲያስመጣ የሚቆረጠውን 3 በመቶ ቅድመ ግብር ትቼልሃለሁ፤ እሱ በኋላ ከትርፍ ግብሩ ይቻቻላል።"

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ አድማጮቼ። ኤክሳይዙ የተሰላው ቀረጡንም ጨምሮ ነው። ቫቱ ቀረጡንና ኤክሳይዙን ጨምሮ ነው። ሱር ታክሱ ደግሞ ቫቱን እንኳ አልማረም። ገዢው ላልገዛው ነገር፣ ለከፈለው ግብር ራሱ ግብር ይከፍላል። በዚያ ላይ ይቺ ሕጉ የራራላት ትንሿ መኪና ናት።

"አሁን ደግሞ መካከለኛዋን እንያት" አሉ ሽማግሌው። "ባለ 1,500 ወይም ባለ 1,600 ሲሲ አውቶሞቢል፣ አዲስ፣ በዚያው አንድ ሚሊዮን ብር የገባች። ቀረጡ ያው 350,000 ነው። ኤክሳይዙ ግን 60 በመቶ ይሆናል፤ 810,000 ብር! ድምሩ 2,160,000። ቫት 324,000። ሱር ታክስ 248,400። ጨርሰው፤ 2,732,400 ብር።"

መምህሩ ሁለቱን ቀናንሶ ዐየ። ከ939,000 ብር በላይ ልዩነት። መኪኖቹ የተገዙት በአንድ ዋጋ ነው፤ የለያያቸው 300 ወይም 400 ሲሲ ብቻ ነው። ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ ካለፈ ደግሞ ኤክሳይዙ 100 በመቶ ነበር። ያገለገለ መኪና ከሆነም በዕድሜው ልክ እየጨመረ እስከ 500 በመቶ ይወጣ ነበር።

የዲዛየርን ነገር ልንገራችሁ፤ ታሪኳ ያስገርማል። ዲዛየር የሕንድ ልጅ ናት፤ ማሩቲ ሱዙኪ ነው የሚሠራት። እ.ኤ.አ. በ2008 ስትወጣ ርዝመቷ 4,160 ሚሊ ሜትር ነበር። የሕንድ መንግሥት ግን ቀደም ብሎ በ2006 ከአራት ሜትር ለማትበልጥ፣ የቤንዚን ሞተሯ ከ1,200 ሲሲ ለማያልፍ መኪና ግብር ቀንሶ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2012 መሐንዲሶቹ ኋላዋን ቆርጠው 3,995 ሚሊ ሜትር አደረጓት፤ ለአምስት ሚሊ ሜትር ከመስመሩ ወዲህ ቀረች። የኋላ ሻንጣዋ ያጠረው ለግብር ነው ማለት ነው። በሕንድ ግብር ልክ የተሰፋችው መኪና በ2012 ዓ.ም. እኛ ዘንድ በወጣው ሕግም የ1,300 ሲሲውን በር ሳትጎነበስ አለፈች። አዲስ አበባ ለምን በነጭ ዲዛየር እንደ ተሞላች፣ የጥሪ ታክሲ የሚሠሩ ወጣቶች ለምን እሷን እንደ መረጡ አሁን ገባችሁ?

ስለ ሕንድ ካነሣን አንድ የምቀናበት ነገር አለ። እዚያም ግብሩ ቀላል አይደለም፤ እስከ ሴፕቴምበር 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ትንሿ መኪና 29 በመቶ፣ መካከለኛዋ ሴዳን 45 በመቶ ትከፍል ነበር። ከሴፕቴምበር 22 ቀን ወዲህ ትንሿ ወደ 18፣ ሌላዋ ወደ 40 በመቶ ወርደዋል። ገዢው ግን ሱቅ ሲገባ ሁለት ዋጋ ይነገረዋል፦ አንዱ የሱቁ ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው የምዝገባውን፣ የመንገድ ግብሩንና የኢንሹራንሱን ሁሉ ደምሮ መኪናዋ መንገድ ላይ እስክትወጣ የሚያስወጣው ነው። "ኦን ሮድ" ይሉታል። ዘርዝሮ የተጻፈ ወረቀት ይሰጠዋል። እኛ ዘንድ ያንን ወረቀት ያስጻፉት ጋዜጣ ሲያነቡ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው።

የ2012ቱን ሕግ ግን በጭፍን አልነቅፈውም። ጭስ የሚተፉ አሮጌ መኪኖች ከውጭ እየተግተለተሉ መግባታቸው መቆም ነበረበት። የምቆረቆረው ለሌላው ወገን ነው። ያገለገለች ቶዮታ ቪትዝ ለመግዛት አሥር ዓመት የቆጠበችው ነርስ በዚያ ሕግ በሩ ተዘጋባት፤ በቂ አውቶቡስ ደግሞ አልቀረበላትም።

"ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አዲስ አላስመጣም?" አለ መምህሩ።

"ምን አዲስ? የነዳጅ መኪናው በር ተዘግቷል እኮ።"

እውነታቸውን ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ መኪናን ጨምሮ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቅድ ተከለከለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ከተማ ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ሌላ ተተኪ የሌላቸው ሆኑ፤ ዲዛየሯም እያረጀች ዋጋዋ ወጣ። ለመምህሩ በተነገረው ዋጋ ውስጥ ቀረጡ ብቻ ሳይሆን ይኼም አለበት።

ለኤሌክትሪክ መኪና ግን በ2014 ዓ.ም. ኤክሳይዙ፣ ቫቱና ሱር ታክሱ ተነሥቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚመጣው የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ሆነ። በዚያ ስሌት የአንድ ሚሊዮን ብሯ መኪና በ1,150,000 ብር ትወጣ ነበር። በጎ ውሳኔ ነበር። ሆኖም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። 10,000 ዶላር የምታወጣ የኤሌክትሪክ መኪና በ57 ብር ሒሳብ ከነቀረጧ 655,500 ብር ነበረች፤ በ100 ብር ሒሳብ 1,150,000 ሆነች። የቀረጡ መቶኛ ሳይነካ የሚከፈለው ብር ግን አብሮ አደገ፤ ቀረጥ የሚሰላው በብር ነውና።

መምህሩ ኤሌክትሪኳንም አስቦባት ነበር። ያሰናከለው ቤቱ ነው። የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ መኪና የሚያቆመው ከብሎኩ በታች፣ ለሁሉም በሆነ ሜዳ ላይ ነው። ከቆጣሪው ገመድ አውርዶ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ማድረግ አይችልም። ግቢ ያለው ሰው ይቺን ችግር አያያትም፤ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን ከመግዛቱ በፊት ማየት አለበት።

እና ወደ ዲዛየሯ ተመለሰ። መካኒክ ይዞ ሄደ። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከሩ። ቁጥሩ ልክ ነው። ሊብሬው ግን ፎቶ ኮፒ ነው።

"ዋናው የታለ?" አለ መምህሩ።

ደላላው መሬት መሬት ዐየ። "መምህር፣ ዋናው ባንክ ነው ያለው። ትንሽ ብድር ቀርቷታል። ቀብዱን ሲሰጡን እሱን ከፍለን እናወጣዋለን።"

ይኼ ነው ሰው የሚያልቅበት ቦታ! ብድር ያለባት መኪና ስም አትዛወርም፤ ቀብድ የከፈለ ሰው እጁ ላይ የሚቀርለት ቃል ብቻ ነው። መምህሩ ቀብዱን ለሻጩ አልሰጠም። እሱ፣ ሻጩና ደላላው አብረው ባንኩ ድረስ ሄዱ፤ ዕዳው እዚያው ተከፈለ፣ የእግድ ማንሻ ደብዳቤው ተጻፈ፣ ውሉም ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ ነው ቀሪው ገንዘብ የተቆጠረው።

ቁልፉን ከተረከበ ወዲያ ወጪው ቆመ እንዳትሉ። የደላላው ኮሚሽን አለ። የስም ማዛወሪያና የቴምብር ቀረጥ አለ። ቀድሞ የነበረ የትራፊክ ቅጣት ካለ ተጣርቶ ይከፈላል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው፤ በብድር ለገዛ ሰው ባንኩ ሙሉ ኢንሹራንስ ይጠይቀዋል። በየዓመቱ ምርመራና ቦሎ አለ። ጎማው፣ ዘይቱ፣ ባትሪው፣ የፍሬን ሸራው አለ። ነዳጁን ለብቻው ልጥቀስላችሁ፦ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የቤንዚን ሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። 40 ሊትር ለመሙላት 1,913 ብር ይበቃ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ነበር፤ ያው 40 ሊትር 4,059 ብር ሆነ። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። መምህር ደመወዙን ይዞ ይኼን ሒሳብ ሲያየው ምን እንደሚሰማው የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አሁን መምህሩ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ አምስት ኪሎ ይደርሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሁለት ጎረቤቶቹን ይጭናል፤ በወር ያዋጡለታል። ሽማግሌው ያስጻፉትን ወረቀት ኮፒ አድርጎ ለባልደረቦቹ አድሏል።

ይህን የምትሰሙ የንግድና የገቢዎች ባለሥልጣናት ሆይ፤ ቀረጡን ቀንሱ አልልም፣ እሱ ሌላ ሙግት ነው። መኪና የሚሸጥ ሁሉ የዕቃውን ዋጋ፣ እያንዳንዱን ግብርና የዓመቱን ግዴታ ወጪ በአንድ ገጽ በአማርኛ ዘርዝሮ፣ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ለገዢው እንዲሰጥ የሚያስገድድ ደንብ አውጡልን። ገዢዎችም፣ ደንቡ እስኪወጣ ያንን ገጽ ራሳችሁ ጻፉት፤ ዋናውን ሊብሬ በዓይናችሁ ሳታዩም አንድ ብር አትቁጠሩ።