ሽልማትና የሐይቅ መጻሕፍት

በቋንቋችን ሸለመ ማለት አስጌጠ ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ንጉሥ ጀግናውን ሲሸልም ካባ ያለብሰው፥ ጋሻና ጎራዴ ይሰጠው ነበር፤ ሕዝቡም የተሸለመውን በልብሱ ያውቀው ነበር። መጽሐፍ ለጻፈና ዕውቀትን ለመረመረ ሰው ግን የሚገባው ጌጥ የትኛው ነው? ይህን የምጠይቀው ከወጣቶች ብዙዎቹ ገና ብዕር ሳያነሡ ስለ ሽልማቱ ሲጨነቁ ስለማይ ነው። መልሱንም ከሩቅ አልጀምርም፤ በወሎ ከአምባሰል ተራሮች አጠገብ ካለው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እጀምራለሁ። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ የመጻፍን ጥበብ ተምረው ወደ ሐይቅ መጡ፤ በዚያም ትምህርት ቤት አቆሙ፥ መጻሕፍትንም ሰበሰቡ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል የራሳቸው ሥዕል ያለበት ሲሆን እስከ ዘመናችን ደርሷል። ያን ጊዜ አንድ መጽሐፍ ማለት ቆዳ መፋቅ፥ ቀለም መበጥበጥና ብዙ ወራት አጎንብሶ መጻፍ እንደ ነበረ አንርሳ።

ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1270 ከነገሡ በኋላ ገዳሙ ታላቅ ክብር አገኘ፤ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከፍተኛ ስፍራ ያዘ። እኔ ይህን እንደ ሽልማት እቈጥረዋለሁ። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ክብሩ የተሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለወንበሩ መሆኑን ነው። ስለዚህ አባ ኢየሱስ ሞዐ ሲያርፉ ክብሩ አብሮ አልተቀበረም። ከእርሳቸው በኋላም በዚያው ገዳም የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በ1424 መጽሐፈ ምሥጢር የተባለውን ታላቅ ድርሰት ፈጸሙ።

የቤተ መንግሥቱ ሹመት ከዘመኑ ጋር አለፈ፤ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ጦርነትም ገዳሙ ተዘረፈ። ወንጌሉ ግን ተረፈ። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1973፥ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር የሐይቅ መጻሕፍትም ተነሡ፤ ቅጂውም እስከ አሜሪካ ሚኒሶታ ደረሰ። እዚያ እነዚህን መጻሕፍት ቅጠል በቅጠል አንብበው ዝርዝራቸውን ካዘጋጁት ሊቃውንት ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ሊቁ በ1975፥ በደርግ ዘመን፥ በጥይት ቆስለው እግራቸው ከመራመድ ቀርቶ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ግን የብዙ ጻፎችን ድካም ከመረሳት አወጡ።

በ1988 ማክአርተር የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ሸለማቸው። ይህ ሽልማት ማመልከቻ የሚጻፍለት አይደለም፤ ሌሎች ሰውየውን ይጠቁማሉ፥ ገንዘቡም ለአምስት ዓመት ያለ ግዴታ ይሰጠዋል። ይህም ማለት ሠርተሃልና ዕረፍ ሳይሆን፥ ሠርተሃልና ጨምር ማለት ነው። እርሳቸውም በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ከመጻፍ አልቦዘኑም።

በአገራችንም በ1963 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ተቋቁሞ ደራስያንን፥ ሠዓሊዎችንና ተመራማሪዎችን ይሸልም ነበር። በ1966 ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተሸለመ። በ1974 አብዮቱ ሲመጣ ግን ሽልማቱ ቀረ። የጸጋዬን ተውኔትና ግጥም ግን እስከ ዛሬ እናነባለን። ሽልማቱ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የተሸለሙት ምንም ባይጎድልባቸው፥ ከኋላቸው ይመጡ የነበሩት ወጣቶች የሚያበረታቸው እጅ አጡ።

ሽልማት ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የደከመ ሰው እውነተኛ ምስጋና ቢያገኝ ጕልበቱ ይታደሳል፤ ሊቃውንቱን የማያከብር አገርም ሊቅ አያፈራም። ነገር ግን ሽልማት የሚመዘነው በወርቁ ክብደት ሳይሆን ከእርሱ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው። ሰውየውን አስጊጦ የሚያስቀምጥ ሽልማት ካባ ነው፤ ካባ ደግሞ ያረጃል። ትምህርት ቤቱን የሚያቆም፥ መጽሐፍ የሚያስጽፍና ተማሪ የሚያስነሣ ሽልማት ግን ዘር ነው።

ወጣት ሆይ፥ ሥራ ለሠሪው ይባላል፤ የመጽሐፍ ሥራ ግን ይልቁንም ለሚያነበው ነው። በሐይቅ ብራና የፋቁት፥ ቀለም የበጠበጡት እጆች ብዙዎቹ ማንም ሳይሸልማቸው አለፉ፤ ከ700 ዓመት በኋላ ግን የሚያነባቸው አገኙ። አንተም ብትሸለም አመስግነህ ተቀበል፥ ሳትውል ሳታድርም ወደ ሥራህ ተመለስ። ባትሸለም ግን ጽሑፍህን አጥርተህ ጻፍ፤ የሚያነበው ሰው ገና አልተወለደ ይሆናልና።