አኳፖሪን፦ የካላዛርና የእንቅልፍ በሽታ መድኃኒቶች የሚገቡበት የውሃ በር

በኢትዮጵያ መተማና ሁመራ፣ በሱዳን ገዳሪፍ፣ በደቡብ ሱዳን ጆንግሌይ እንዲሁም በኬንያ ባሪንጎ የሚታወቀው ካላዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ለብዙ አሠርት ዓመታት ሕሙማን የታከሙት አንቲሞኒ የተባለ ንጥረ ነገር ባለው መርፌ ነው። አንቲሞኒ የበሽታውን አምጪ የሚገድለው ግን ወደ ውስጡ መግባት ከቻለ ብቻ ነው። የሚገባውም ተሕዋሱ ውሃ በሚያሳልፍበት በር በኩል ነው።

አኳፖሪን ምንድን ነው?

የሕዋስ ሽፋን በአብዛኛው ቅባት በመሆኑ ውሃ በፍጥነት አያልፈውም። ስለዚህ በርካታ ሕዋሳት በሽፋናቸው ላይ አኳፖሪን የሚባሉ ጠባብ የፕሮቲን ቦዮች አሏቸው።

አሜሪካዊው ሐኪምና ተመራማሪ ፒተር ኤግሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰው ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ያገኙት ፕሮቲን ሥራው ውሃ ማሳለፍ መሆኑን ያሳዩት በአውሮፓውያኑ 1992 ነበር። ፕሮቲኑን እንዲያመርት የተደረገ የእንቁራሪት እንቁላል በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ ሲቀመጥ ውሃ እየሳበ አብጦ ፈነዳ፤ ፕሮቲኑ የሌለው ግን ምንም አልሆነም። ኤግሪ ለዚህ ግኝት በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሮደሪክ ማኪነን ጋር ተጋርተዋል። አንድ ቦይ በሰከንድ እስከ 3 ቢሊዮን የሚደርሱ የውሃ ሞለኪውሎችን ማሳለፍ ይችላል።

ለጥገኛ ተሕዋስያን ምን ይጠቅማል?

የካላዛር አምጪው ሊሽማንያ የሕይወቱን አንድ ክፍል በአሸዋ ዝንብ አንጀት፣ ሌላውን ደግሞ በሰው ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ውስጥ በሚገኙ የመከላከያ ሕዋሳት ያሳልፋል። በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ሲቀጥን ያብጣል፤ ሲወፍር ይኮማተራል። መጠኑን በፍጥነት እንዲያስተካክል አኳፖሪን ያግዘዋል።

የወባው ፕላዝሞዲየምም አኳፖሪን አለው። ይህ ቦይ ከውሃ በተጨማሪ ለሽፋን መሥሪያ የሚያገለግለውን ግሊሰሮል ያሳልፋል። በ2007 ይፋ በሆነ ጥናት፣ አይጦችን ከሚያጠቃው የወባ ዝርያ ላይ ይህ ቦይ ሲወገድ ተሕዋሱ በዝግታ አድጓል፤ የተያዙት አይጦችም ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል።

መድኃኒቱ እንዴት ይገባል?

በመርፌ የሚሰጠው አንቲሞኒ በሰውነት ውስጥ ገዳይ ወደሆነ ሌላ ይዘት ይለወጣል። ይህ ይዘት በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ቅርጹ ግሊሰሮልን ስለሚመስል የሊሽማንያ ቦይ ሳይለየው ያስገባዋል።

ተሕዋሱ የቦዮቹን ቁጥር ከቀነሰ ግን መድኃኒቱ ውጪ ይቀራል። በቤተ ሙከራ በተደረገ ጥናት ቦዩን ከሚሠራው ዘረ መል ሁለት ቅጂዎች አንዱ ብቻ ሲወገድ፣ ሊሽማንያ አንቲሞኒን የመቋቋም አቅሙ 10 እጥፍ ጨምሯል። ተሕዋሱ ሌሎች የመከላከያ መንገዶችም አሉት፤ ከእነዚህ አንዱ የገባውን መድኃኒት በሌሎች ፕሮቲኖች አማካይነት ማስወጣት ነው። በሕንድ ቢሃር ግዛት ካላዛር በተስፋፋባቸው አካባቢዎች አንቲሞኒ ብዙ ሕሙማንን ማዳን ተስኖት በሌሎች መድኃኒቶች ተተክቷል።

ተመሳሳይ ነገር በቆላ ዝንብ በሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታም ታይቷል። የበሽታው አምጪ ትሪፓኖሶማ ሦስት ዓይነት አኳፖሪኖች አሉት። በ2012 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከሦስቱ ሁለተኛው ፔንታሚዲንና አርሰኒክ ያለበት ሜላርሶፕሮል የሚገቡበት ዋና በር ነው። በሜላርሶፕሮል ታክመው በሽታው ካገረሸባቸው ሰዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ይህ ዘረ መል ጠፍቶ ወይም ከሦስተኛው ጋር ተቀላቅሎ ተገኝቷል። ሁለቱ መድኃኒቶች በኬሚካላዊ ይዘታቸው ቢለያዩም በሩ አንድ በመሆኑ፣ አንዱን የተቋቋመ ተሕዋስ ሌላውንም ሊቋቋም ይችላል።

ለሕክምናው ምን ትርጉም አለው?

መድኃኒቶች ሲጣመሩ የሚገቡበት መንገድ የተለያየ ቢሆን ይመረጣል፤ ለአንዱ በሩን የዘጋ ተሕዋስ ከሌላው አያመልጥምና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ካላዛር የመከረው አንቲሞኒና ፓሮሞማይሲን ለ17 ቀናት በጣምራ እንዲሰጡ ነው። ይህም ቀድሞ በአንቲሞኒ ብቻ ይሰጥ የነበረውን የ30 ቀናት ሕክምና አሳጥሯል። አንቲሞኒ ልብንና ጣፊያን አጎራባች የሆነውን ቆሽት ሊጎዳ ስለሚችል፣ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሕሙማን ሌሎች መድኃኒቶች ይመረጣሉ።

በሽታው በሚገኝባቸው ቆላማ አካባቢዎች የሚኖር ወይም ለሥራ ሄዶ የተመለሰ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ከቆየበት፣ ከከሳ ወይም ጣፊያው ካበጠ ሳይዘገይ መመርመር ይኖርበታል። ሕክምና ከጀመረም መርፌውን እስከ መጨረሻው ቀን መውሰድ አለበት። ያልበቃ መጠን ደካማዎቹን ተሕዋስያን ገድሎ በራቸውን የዘጉትን ያስቀራል፤ የሚራቡትም እነዚሁ ናቸው።