ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው ማን ነው?

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኢያሪኮ ከባሕር ጠለል በታች 250 ሜትር ገደማ ናት። 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1000 ሜትር ያህል ይወረዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጆሮው ድፍን ያለበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ ሰው በዚህ መንገድ ሲወርድ ወንበዴዎች ያገኙታል። ገፈውና ደብድበው በሞትና በሕይወት መካከል ጥለውት ይሄዳሉ። ካህኑ አይቶት ያልፋል፤ ሌዋዊውም እንደዚያው። አይሁድ የማይወዱት ሳምራዊ ግን ቁስሉን አስሮ፣ በራሱ አህያ ጭኖ፣ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ ያስታምመዋል።

ይህን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙዎቻችን የማናውቀው፣ ሰዎች ባለፉት 1800 ዓመታት በዚህች አጭር ምሳሌ ውስጥ ራሳቸውን ሲፈልጉ የት የት እንዳገኙት ነው። እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው፦ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ እንደ ምሳሌ እያነበቡ ለራስ ሕይወት መንገድ መፈለግ ያዋጣል? ወይስ እያንዳንዱ ሰው ደስ ያለውን ፍቺ እንዲሰጥ በር መክፈት ነው?

ከጥንቶቹ እንጀምር። በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ኦሪገን በ3ኛው ክፍለ ዘመን በሉቃስ ወንጌል ላይ ሲሰብክ፣ ከእሱ በፊት የነበረ የአንድ ሽማግሌን ፍቺ ያነሣል። በዚያ ፍቺ መሠረት የሚወርደው ሰው አዳም ነው። ኢየሩሳሌም ገነት ናት፤ ኢያሪኮ ይህ ዓለም። ካህኑ ሕግ ነው፤ ሌዋዊው ነቢያት፤ ሳምራዊው ክርስቶስ። የእንግዶች ማደሪያው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ በሰሜን አፍሪካ የነበረው አውግስጢኖስም ይህንኑ ፈለግ ተከተለ። ለእሱ የማደሪያው ጠባቂ ሐዋርያው ጳውሎስ ነው፤ ሳምራዊው የከፈላቸው ሁለት ዲናሮችም ሁለቱ የፍቅር ትእዛዛት ናቸው። በእኛ አገር ስብከት ደግሞ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ኪዳን ናቸው ሲባል መስማት የተለመደ ነው።

ይህ ፍቺ መጽሐፍ ላይ ብቻ አልቀረም። ፈረንሳይ ውስጥ በሻርትር ካቴድራል፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ አንድ ባለቀለም መስታወት መስኮት የሳምራዊውን ታሪክና የአዳምና የሔዋንን ታሪክ አንድ ላይ ይዟል። ከታች መንገደኛው ይወድቃል፤ ከላይ የሰው ልጅ ይወድቃል። በመስኮቱ ግርጌ ጫማ ሠሪዎች ሥራቸው ላይ ሆነው ተሥለዋል። ማንበብ የማይችል ሰው ቀና ብሎ ሲያይ "የወደቅኩት እኔም ነኝ፣ የሚያነሣኝም አለ" ማለት ይችል ነበር።

ግን እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ኢየሱስ ምሳሌውን የተናገረው አንድ ሕግ አዋቂ "ባልንጀራዬ ማን ነው?" ብሎ ስለጠየቀው ነው። የመልሱ መጨረሻ ደግሞ "አንተም ሂድና እንዲሁ አድርግ" የሚል ነው። ታዲያ ሳምራዊው ክርስቶስ ብቻ ከሆነ፣ እኔ ምን ቀረኝ? መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው አዳም ብዬ ልለፈው? የፕሮቴስታንቱ ሊቅ ካልቪን ይህን ዓይነቱን ፍቺ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጥብቆ ተቃውሟል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ጀርመናዊው አዶልፍ ዩሊከር፣ የወንጌል ምሳሌዎች አንድ ነጥብ ብቻ እንዳላቸውና ነገር በነገር እየተኩ መፍታት ስሕተት እንደሆነ ተከራክሯል። ትችቱ የሚናቅ አይደለም። ወንድሙ ሲራብ ከላይ ከላይ ምሥጢር እየተነተነ የሚያልፍ ሰው በየዘመኑ አለ።

መልሱን ያገኘሁት እዚሁ አገር ቤት ነው። የእኛ ሊቃውንት የመጻሕፍት ትርጓሜ "አንድምታ" ይባላል። በተለይ በጎንደር ዘመን የተስፋፋው ይህ ትምህርት ግዕዙን ሕዝቡ በሚሰማው በአማርኛ ይፈታል፤ ለረጅም ዘመን ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲተላለፍ ኖሯል። መምህሩ ንባቡን ያነባል፣ ቀጥተኛ ፍቺውን ይሰጣል፣ ከዚያ "አንድም" ብሎ ሁለተኛ ያክላል። ደግሞ "አንድም" ይልና ሦስተኛ።

ይህችን "አንድም" የምትል ቃል ልብ በሉልኝ። ከሰምና ወርቅ ጋር አንድ አይደለችም። ወርቅ አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ያፈሰዋል፤ የሚፈልገው ወርቁን ነው። "አንድም" ግን የፊተኛውን አታቀልጥም። ሳምራዊው መንገድ ላይ ቆሞ ሰው የረዳ ሰው ነው፤ አንድም ክርስቶስ ነው። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ከቦታው አይነሣም። የወደቀው ሰው አዳም ስለሆነ ቁስሉ መድማቱን አያቆምም።

ማርቲን ሉተር ኪንግም ይህንኑ ምሳሌ በራሱ መንገድ አንብቦታል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1968 ሜምፊስ ከተማ ውስጥ፣ አድማ ለመቱት የከተማዋ የቆሻሻ ማንሻ ሠራተኞች ድጋፍ ሲናገር፣ ከባለቤቱ ጋር በመኪና በዚያ መንገድ መሄዳቸውንና መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ለሽፍታ የተመቸ መሆኑን አነሣ። ካህኑና ሌዋዊው ፈርተው ሊሆን ይችላል አለ። እነሱ "ብቆም ምን እሆናለሁ?" ሲሉ፣ ሳምራዊው ግን ጥያቄውን ገልብጦ "ባልቆም እሱ ምን ይሆናል?" እንዳለ አስረዳ። በማግስቱ ተገደለ። ኪንግ ምሳሌውን ለራሱ መመሪያ ሲያደርገው የቆሻሻ ሠራተኞቹ ከዓይኑ አልጠፉም።

እኔ ራሴን ያገኘሁት ማንም ብዙ በማያወራለት ሰው ላይ ነው። አባቴን ስትሮክ መትቶት አልጋ ላይ በዋለባቸው ሁለት ዓመታት፣ ማታ ማታ ገላውን አገላብጬ ስቀመጥ ይህን ምዕራፍ አነብ ነበር። ሳምራዊው መሆን አልቻልኩም፤ የሳምራዊው ደግነት ትልቅ ነው፣ ደግሞ በማግስቱ መንገዱን ይቀጥላል። እኔ የትም አልሄድም። አንድ ቀን ግን ዓይኔ በማደሪያው ጠባቂ ላይ አረፈ። ይህ ሰው ጀግና አይደለም። ያላሰበው ቁስለኛ ቤቱ መጣበት፤ ሁለት ዲናር ተሰጠው፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣውን "ስመለስ እከፍልሃለሁ" ተባለ። ታሪኩ የሚያልቀው ባለዕዳው ሳይመለስ ነው። ጠባቂው በዚያ ቃል ላይ ተማምኖ፣ ጨርቅ እያጠበ፣ ሾርባ እያበሰለ ይቆያል።

ያ ንባብ ድካሜን አልቀነሰልኝም። ግን ለድካሜ ስም ሰጠው። የማደርገው ነገር የተረሳ የታሪክ ጥግ ሳይሆን ከታሪኩ አንዱ ክፍል እንደሆነ ነገረኝ። በነጋታው አባቴን ሳጥበው እጄ ለስለስ አለ።

ስለዚህ ለጥያቄዬ ያለኝ መልስ ይኸው ነው። ያዋጣል፤ ግን በአንድ ሚዛን። ከመጽሐፉ ለራሴ ያገኘሁት "አንድም" መንገድ ዳር ወደወደቀው ሰው የሚመልሰኝ ከሆነ እይዘዋለሁ። በእሱ ላይ የሚያሻግረኝ ከሆነ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ካህኑም ያለፈው እንደዚያ እያሰበ ሊሆን ይችላል። እናንተስ በዚህ መንገድ ላይ ዛሬ የቱን ናችሁ? አምና የነበራችሁትን ላትሆኑ ትችላላችሁና ምዕራፉን እንደገና ገልጣችሁ እዩት።